ጂፑን የፈታው እሱ፣ የገጠምሁት እኔ

ጂፑ ወደ ግቢያችን የገባው በወፍጮ ምትክ ነው። ባሌ መካኒክ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ዙሪያዋን በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችው። አንድ ዓመት ቡሬ ዳር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት የእህል ወፍጯቸው ሞተር ነክሶ አልዞር ሲላቸው፣ ሦስት ሰው ሞክሮ ሲያቅተው፣ እሱን አስጠሩት። አምስት ቀን እዚያው እያደረ አስነሣላቸው። የድካሙን ዋጋ ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ በአይሱዙ ኋላ በሰንሰለት የተጎተተ ዝገት ይዞ መጣ።

ዊሊስ የሚሉት አሜሪካ ሠራሽ ጂፕ ነው። የባልቴቲቱ ባል በደህናው ዘመን ገዝተው ሲነዱት ኖረው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናው እንደ ጎተራ ሲያገለግል ቆይቷል። በሩን ስንከፍተው ከወንበሩ ሥር የበቆሎ ቆረቆንዳ በቁና ወጣ። ሞተሩ አጠገብ ዶሮ ፈልፍላበት የእንቁላል ቅርፊት ሞልቶ ነበር። የፊት መስታወት የለውም። ጎማዎቹ ደርቀው ቸርኬው ላይ ተጣብቀዋል። አይሱዙው ወደ ግቢ ሲያስገባው የጎመን መደቤን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨፈለቀው።

«ይኸን ምን ልታደርገው ነው?» አልሁት።

«አስነሣዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሣ ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላም ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሦስት ዓመት ፈታው። ሌላው መካኒክ የተበላሸውን ፈልጎ ያወጣል፤ እሱ ደህናውንም የታመመውንም እኩል አወጣው። ከጋራዥ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ በቀጥታ ወደ ጂፑ ነው። የሚያርፈው እሑድና በዓል ብቻ ሲሆን ያኔም ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ብሎኖቹ ቅቤ በማነጥርበት ድስት ገቡ። ፒስተኖቹ በአሮጌ ነጠላዬ ተጠቅልለው ከአልጋችን ሥር ተቀመጡ። መሪው ከሶፋው ጀርባ ቆመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍራለሁ። «የትኛው የት እንደሚገባ ታውቀዋለህ?» ስለው ግንባሩን በጣቱ ይነካል፤ ሁሉም እዚህ ነው ማለቱ ነው። አንድም ነገር ወረቀት ላይ አላሰፈረም።

አንድ የጾም ቀን ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቫልቭ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። እኔ አጠገቡ ምስር እለቅማለሁ። ቫልቩ ከእጁ ወደቀ። «አንሣው እንጅ» አልሁት። በግራ እጁ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ከነበርጩማው ተገለበጠ። ሳቅሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቀልድ መስሎኝ ምስሩን እንደያዝሁ ሳቅሁ፤ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ግን አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር።

ጎረቤት በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰን፤ ስትሮክ ነው አሉን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ የቀኝ እጁና የቀኝ እግሩ አብረውት አልነበሩም። ንግግሩም ተምታታ። አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሰናከል ይደግማል፤ ውኃ ሲፈልግ ግን «በር» ይላል። በር እከፍትለታለሁ፤ ይቆጣል። እዘጋዋለሁ፤ ይቆጣል። ሐኪሙ በቃል የተያዘ ጸሎትና ዕለት ተዕለት የሚነገር ቃል ከአንድ ጓዳ አይወጡም ብሎ አስረድቶኛል። ገብቶኛል። መግባቱ ግን ቀኑን አላሳጠረልኝም።

በዚያው ዓመት ጸጥታው ደፍርሶ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እኔ መምህርት ነኝ፤ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ፊደል ሳስቆጥር ነው የኖርሁት። መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ስልክ ይጠፋል። ሁለቱ ልጆቻችን ባሕር ዳር ናቸው፤ ድምፃቸውን ከሰማሁ ሰንብቷል። እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ሳነሣው፣ ሳጥበው፣ ሳበላው፣ ሳገላብጠው፣ ደግሞ ሳነሣው ቀኑ ያልቃል። እሱ ረጅምና ከባድ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እናቴ «የሽንብራ አገዳ» እያሉ የሚጠሩኝ ነበርሁ። ወገቤ ቀን ቀን ዝም ብሎ ጋደም ስል ነበር የሚናገረው።

ታናሽ ወንድሙ ጅጋ ከተማ እህል ይነግዳል። ክፉ ሰው አይደለም። ሊጠይቀን መጥቶ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና «እታለም፣ ይኸ ብረት ለምን አይነሣም? እናንተ መተላለፊያ አጥታችሁ እሱ ተንሰራፍቶ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ወዲህ የሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት እንዳያልፍ የሚያግደው ጂፑ ነበር። እሺ አልሁ።

በሳምንቱ ወንድሙ የላከው ቁራሌ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። መጋዝና ትልቅ መዶሻ ይዘዋል። ባሌን በረንዳው ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። የመጀመሪያው መዶሻ የፊት ጎማው ክዳን ላይ ሲያርፍ እሱ ጮኸ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ሰዎቹን «ሂዱ» አልኋቸው። አንዱ «እመቤት፣ ቃል ገብታችሁ?» አለኝ። «ሂዱ ብያለሁ» አልሁ።

ወንድሙ ኋላ ለዘመድ አዝማድ «ፍቅሯ ነው» ብሎ አወራ። ፍቅር አልነበረም። ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ አንሶላ ለውጨ ነበር። በዚያ ላይ የሚያለቅስ ሰው ማባበል አቅሜ አልፈቀደም። ዝም የሚያሰኘውን ነገር ሁሉ ባደረግሁ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባሌ በግራ እጁ ወደ ጂፑ እየጠቆመ «ማንኪያ» አለኝ።

ራበው ብዬ ማንኪያ አመጣሁ። ወረወረው። «ማንኪያ!» አለ ደግሞ። ጭልፋ አመጣሁ። እሱንም ወረወረው። በመጨረሻ የመሣሪያ ሣጥኑን ከጋራዥ ዕቃ መካከል ጎትቼ እግሩ ሥር ዘረገፍሁለት። ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አንድ መፍቻ መረጠና ሰጠኝ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጂፑ አመለከተኝ። ሄድሁ። አንድ ብሎን ስነካ ራሱን ወዘወዘ፤ ሌላ ስነካ ወዘወዘ፤ ሦስተኛውን ስነካ «እህ» አለ። ፈታሁት። በሕይወቴ የፈታሁት የመጀመሪያ ብሎን እሱ ነው።

እንዲህ ጀመርን። ምን እንደጀመርን ግን አላወቅሁም ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚቆጣው ቢቀንስ ብዬ ነው።

ከቤት የማስጠናበት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ነበረኝ። እሱን ጭኑ ላይ አስቀመጥሁለትና ጠመኔ አስያዝሁት። ግራ እጁ እንደ ጨቅላ እጅ ነበር፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል። ለልጆች እንደማደርገው እጁን በእጄ ይዤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ክብ፣ ቁጥር አስጻፍሁት። አፈረ። ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ከተማው ሁሉ «ኢንጂነር» እያለ የሚጠራው ሰው። ግን ጻፈ። በአንድ ወር ውስጥ የሞተሩን ክዳን፣ የውኃ ፓምፑን፣ የካርቡሬተሩን ሆድ እየሣለ ያሳየኝ ጀመር። ቃሉ ሲስት ሥዕሉ አይስትም። «ድመት» ካለኝ ካርቡሬተር ነው፤ «ቄስ» ካለኝ ጎማ ነው። ቀስ በቀስ ለመድሁት።

ቫልቮቹ ስምንት ናቸው። እያንዳንዱ ከመቀመጫው ጋር ሳያፈስ እንዲገጥም፣ አሸዋ ያለበት ቅባት ተቀብቶ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ባለው እንጨት በሁለት መዳፍ ወዲያና ወዲህ ይታሻል። እሳት በእንጨት ሰብቀው እንደሚያወጡ ማለት ነው። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የእኔ ሥራ ነው። አንዱን ቫልቭ ጨረስሁ ብዬ ጠርጌ አሳየዋለሁ። በጣቱ ዳርቻውን ይዳስስና «ገና» ይለኛል። ከሕመሙ በኋላ ያልጠፋችው ቃል እሷ ናት። እንደገና አሻለሁ። «ገና።» መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ፈነዳ፤ ቆዳው ጠነከረ። ሊጥ ሳቦካ የብረት ሽታ ከእጄ አልለቅ እያለኝ የሽሮውም የእንጀራውም ጣዕም ጠፋብኝ። ስምንቱን ለመጨረስ አንድ ሙሉ የዐቢይ ጾም ፈጀብኝ። ስምንተኛውን «እህ» ሲለኝ ደስ አላለኝም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጨ ጀርባዬን ጎማው ላይ አስደገፍሁ።

ከዚያ ጓርኒሲዮን አነሰን። በሞተሩ ገላና በክዳኑ መካከል የሚገባ ስስ የመዳብ ሉህ ነው፤ እሱ ከሌለ ውኃና እሳት ይደባለቃሉ። የቀድሞው ሲፈታ ተቀዶ ነበር። ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ፍኖተ ሰላም ውስጥ አይገኝም። መንገዱ ደኅና ነው በተባለ ቀን የባሌን እህት አጠገቡ አስቀምጨ፣ ባልቴቲቱን ልጠይቅ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድሁ።

ባልቴቲቱ የአገው ሰው ናቸው። ከቤተሰባቸው ጋር በአገውኛ እየተጨዋወቱ ለእኔ አማርኛውን ያመጡልኛል። የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«እሱ ሰውዬ ዳነ?» አሉኝ።

«ነፍሱ ተርፋለች እናቴ።»

«መኪናውስ?»

«እሱም እንደሱው ነው።»

ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው መዳፌን ገልብጠው አዩት። «አንች ልጅ፣ ይኸ የመምህር እጅ ነው?» አሉኝ።

«ባሌ እግዜር ይማራቸውና ሃያ ዓመት ነዱት» አሉ። «ገበያ፣ ተዝካር፣ ሰርግ፣ የትም ስንሄድ እሳቸው ከፊት ናቸው፤ አጠገባቸው ወንድ ይቀመጣል። እኔ ከኋላ ከኑግ ከረጢት ጋር ነኝ። አንድ ቀን ከፊት ልቀመጥ ብላቸው ‹ሴት ከፊት ስትቀመጥ ሞተር ይሞቃል› አሉኝ። እኔም አምኜ ኖርሁ። አንች ሞተሩን ከፍተሽ አየሽው፤ ምን አለ ውስጡ?»

«ብረት ነው እናቴ።»

«ብረት ብቻ?»

«ብረትና ጥቀርሻ።»

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ባሌ ካልጣሉት ይኖራል» ብለው ከቤታቸው ጎተራ ጣሪያ ሥር ከአሮጌ ቀንበር ጋር የተንጠለጠለ የቆርቆሮ ሣጥን አስወረዱ። ውስጡ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ ጓርኒሲዮን ነበር፤ አንድ ብቻ። እሳት የሚያስነሡ ካንዴላዎች፣ ጥቂት ቀለበቶች፣ አንድ አሮጌ የውኃ ፓምፕም ነበሩ። «ውሰጅው» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ስመለስ ሚኒባሱ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመ። ከፊት ተዘግቷል ተባለ። ሹፌሩ ወደ ቡሬ ሊመልሰን ፈለገ፤ እኔ ግን የባሌ እህት ከአመሻሹ በፊት ወደ ቤቷ መሄድ ስላለባት መመለስ አልችልም። ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ወርጄ በእግር ተያያዝሁት። የሣጥኑ እጀታ ጣቴን ሲቆርጠኝ ዕቃውን አውጥቼ በነጠላ ጠቀለልሁና እንደ ሕፃን ጀርባዬ ላይ አዘልሁት። ፓምፑ አከርካሪዬን ይጎስመኛል። ከጎኔ የምትሄድ ገበሬ ሴት ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ልጁ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፤ ድምፁን አላሰማ» አለችኝ።

«ልጅ አይደለም፤ የመኪና ብረት ነው።»

ቆም ብላ አየችኝ። «ብረትስ ይሻልሻል» አለች፤ «ጡት አይጠይቅሽም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ ከልቤ ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። ጫማዬን ሳወልቅ ተረከዜ ደም ሆኗል። ባሌ ጓርኒሲዮኑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ተረከዜን አላየም።

ክዳኑን የገጠምንበት ቀን የመጣላታችን ቀን ነው። ብሎኖቹ በተራ ካልጠበቁ ክዳኑ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይጎዳል። ይህን አላውቅም ነበር። «ከየት ልጀምር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከዳር» አለኝ። ሰሌዳው ራቅ ብሎ ነበር፤ ተነሥቼ ማምጣት ሰለቸኝ። ከዳር ጀመርሁ። የድስት ክዳን እንደሚገጠም እየዞርሁ አጠበቅሁት። እሱ «ከዳር! ከዳር!» እያለ ጮኸ። «ከዳር ነው እኮ የያዝሁት!» አልሁና ባለኝ ጉልበት ጨረስሁት። ውኃ ስንሞላ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ውኃው እንደ ላብ ወጣ። ክዳኑን መልሰን ስናነሣው የመዳቡ ሉህ በሁለት ቦታ ተኮማትሯል።

ሰሌዳውን አምጥቼ ጣልሁለት። በጠመኔው ክዳኑን ሥሎ መካከሉ ላይ ነጥብ አደረገና «ከዳር» አለኝ። መካከል ማለቱ ነበር። ቃሉ ነው የከዳው።

መፍቻውን ወረወርሁት። የተበላሸው ያን ሁሉ መንገድ በጀርባዬ ያመጣሁት ጓርኒሲዮን ነው። ምን እንደተናገርሁ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። «ወጣትነቴን ለአንተ፣ ጎመኔን ለአንተ፣ ወገቤን ለአንተ። ምናለ ያን ቀን በዚያው በቀረህ!» አልሁት።

አየኝ። ከንፈሩ ብዙ ታገለ። ከዚያ ያለምንም መንተባተብ «እኔም» አለኝ።

ተሳስቶ ይሆናል፣ ሌላ ቃል ፈልጎ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። አልተሳሳተም።

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። አነሣዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፤ ግን ፊቱን አላይም። እሱም ማዶ ማዶ ያያል። በአራተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ የተናገርሁትን ነገርኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኛ ቤት ጠበል ሲረጩ የጂፑን ብረት ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተሻገሩ ነው የሚገቡት።

«አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ። ስግደት ከሆነም እሰግዳለሁ» አልኋቸው።

«ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም። ሦስትም አራትም።»

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ?»

ወራቱን በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉና «ቀኖናሽ እንቅልፍ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ከምሳ በኋላ እኔ እሱ ዘንድ እቀመጣለሁ። ዳዊት እደግምለታለሁ፤ እሱም ይከተለኛል። አንች ተኚ። ስትነቂ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ፤ ሳትተኚ የጠየቅሽው ይቅርታ ይጎመዝዛል።»

ተኛሁ። ጓዳው ውስጥ ቁርበት ላይ እንደወደቅሁ እነሱ በረንዳው ላይ ዳዊት ሲቀባበሉ እሰማለሁ። የባሌ ድምፅ እንደ ድሮው ሳይወላገድ ይወጣል። ስነቃ አባ ሄደዋል፤ የባሌ እህት በቦታቸው ተቀምጣለች። ወጣሁና እግሩ ሥር ተቀመጥሁ። «ይቅር በለኝ» አልሁት። በግራ እጁ ራሴን ነካኝ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሣሁትም። ግን «እኔም» ያለኝን አልረሳሁትም፤ ረሳሁ ብል ውሸት ነው።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ትንሽ ጣሳና ብሩሽ ሥሎ ጠበቀኝ። ምን ጣሳ? ዙሪያውን ፈልጌ ያገኘሁትን ሁሉ አሳየሁት። በር የሚቀቡበትን የብር ቀለም ሳሳየው «እህ» አለኝ። የተኮማተረውን መዳብ በጠፍጣፋ ብረት ላይ አድርጌ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልሁ አቀናሁት፤ ውኃ እንዳያሳልፍ በሁለት ወገን የብር ቀለም ቀባሁት፤ ከመድረቁ በፊት ገጠምሁት። የብሎኖቹን ተራ ከመሐል ወደ ዳር በቁጥር ሣለልኝ። በቃል አንድ ነገር እንዳይናገር በእጄ አፉን ያዝሁት። ሳቀ። በዚያ በተጣመመው አፉ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ውኃ ሞላን። አንድ ጠብታ እንኳ አልወጣም።

ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ባትሪ ስለሌለን ታናሽ ወንድሙ የጭነት መኪናውን ባትሪ ለአንድ ቀን አመጣልን፤ ያው ብረቱን ይወሰድ ያለው ወንድሙ። ሽቦውንም አገናኘልን። የማስነሻው ሞተር ግን ጉልበት የለውም፤ ከፊት አስገብተው በሚያዞሩት የብረት እጀታ ነው ማስነሣት የነበረብን። ባሌ እጀታውን በግራ እጁ ይዞ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አደረገና አሳየን፤ አውራ ጣትህን በእጀታው ዙሪያ ካዞርኸው ይሰብርሃል ማለቱ ነው። ወንድሙ አዞረው። ምንም። እንደገና። ምንም። ሸሚዙን አወለቀ። ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ማየት ጀመረች። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ያዘ።

ጭሱ ግቢውን ሞላው። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ወንድሙ «ተነሣ! ተነሣ!» እያለ ጨፈረ። ጎረቤቷ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ባሌን አየሁት። አንገቱን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ እጁን አነሣ፤ ሦስት ጣቱን አሳየኝ፤ በጉንጩም «ጠክ ጠክ ጠክ» አደረገ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለ ቫልቭ ይመታል። ወደ እኔ ዞሮ «ገና» አለኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ወንድሙ «ሰውዬ፣ አይበቃህም? ተነሥቷል እኮ!» ብሎ ጮኸበት። ባሌ ራሱን ወዘወዘ። ያን ድምፅ ከእሱ በቀር ማንም አልሰማውም። ግን እሱ ከሰማ አለ ማለት ነው። ደግመን ጎኑን ፈታነው። የቫልቩን ክፍተት ስስ የብረት መለኪያ እያስገባሁ ሳስተካክል አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ወንድሙ ባትሪውን ደግሞ አምጥቶልን ሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ እልል ያለም የጨፈረም የለም፤ ሁላችንም እሱን ነው ያየን። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ገለጠው። ምንም አላለም። ያ ነው ማለቂያው።

በአንድ ጸጥ ባለ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሙ ባትሪውንና ከጅጋ ያመጣቸውን አሮጌ ጎማዎች ገጥሞ፣ እየነዳ ወጣን። ቀለም የለው፣ መስታወት የለው፤ ነፋሱ እንባ ያስወጣል። ባሌን ለሁለት አንሥተን ከፊት አስቀመጥነውና በነጠላ ከወንበሩ ጋር አሠርነው። እኔ ከኋላ ነበርሁ። የባልቴቲቱ ነገር ትዝ አለኝና ወንድሙን አስቁሜ ከፊት በእነሱ መካከል ተጣብቄ ገባሁ። የማርሹ ዘንግ ጉልበቴን እየመታኝ ሄድን። ከከተማው መውጫ ድረስ፣ ከዚያም በጤፍ ማሳው ዳር ጥቂት ሄደን ዞርን። መንገድ ላይ የቆመው ሰው ያየናል። አንዳንዱ ቆቡን ያነሣል። አንድ ሽማግሌ «የዛሬውስ ከየት የመጣ ባላባት ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ይሄ ነው ሁሉም። ሦስት ዓመት ፈትቶት፣ ሌላ ሁለት ዓመት ገጥመነው፣ የሄድንበት መንገድ የቡና ውኃ እስኪፈላ አይበቃም።

ግቢ ስንገባ ወንድሙ መኪናውን አጥፍቶ የሚጠብቀው ሰው ስለነበር ቶሎ ሄደ። ባሌን ላወርደው እጄን ብብቱ ሥር ሳስገባ ራሱን ወዘወዘ። ደግሜ ሞከርሁ፤ በግራ እጁ መሪውን ጨመደደ። ብቻዬን ደግሞ ከመኪና ላወርደው አልችልም። ተውሁት። ምሳውን በሣህን አቅርቤ በመኪናው በር በኩል ቆሜ አጎረስሁት። ሲበላ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። አፉን ጠረግሁለት።

አሁን ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ባሌ በከዘራ አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ይሄዳል። ቃሉ አሁንም ይስታል። ጂፑ ባትሪ የለውም፤ ቤንዚንም ስናገኝ ነው። አልፎ አልፎ ሰው ለሰርግ እየመጣ ይጠይቀናል፤ እሱ እጁን ያወናጭፍና ይመልሰዋል። ባለፈው ሰሞን ሰሌዳው ላይ የቀለም ብሩሽ ሥሎ አሳየኝ። መጀመሪያ ዝገቱን መፋቅ፣ ከዚያ ማለስለስ፣ ከዚያ ቀለም መቀባት እንዳለበት በሦስት ሥዕል አስረድቶኛል።

«አይሆንም» አልሁት። «እስከ መስቀል ድረስ እጄን አልሰጥህም።»

አሰበ። ከዚያ ሰሌዳውን በእጅጌው ጠርጎ ደመራ ሣለ፤ ከደመራው አጠገብ ደግሞ ብሩሽ።